የከብት አድላቢው ሚስት ስትከሳ

ሥራዬ ከብት ማድለብ ነው። ሰንበቴ ገበያ ወርጄ ጎድኑ የሚቆጠር በሬ ከአፋሮች እገዛለሁ፤ ከሚሴ አምጥቼ ግርግም ላይ አስረዋለሁ፤ ፉርሽካውን፣ ፋጉሎውን፣ የማሽላ አገዳውን፣ ጨዉን በየልኩ እሰጠዋለሁ፤ አረፋ ሲደርስ ሻኛው ወደ ጎን እየወደቀ ይሸጣል። ይህን የምነግራችሁ ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ውርደት በትክክል እንድትመዝኑልኝ ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ ሱሪው ተቀዶ ቢታይ ሰው ስቆ ያልፋል። የከብት አድላቢ ሚስት ስትከሳ ግን ሰው አይስቅም፤ ሽማግሌ ይልካል።

በእኛ ሙያ አንድ አባባል አለ። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ብዙ ስለደጋገምኩት ግን ሰው የአባቶች ይመስለዋል። «የከሳ ከብት አፍ አለው፤ ባለቤቱን ያማል» እላለሁ። ከብቱን አስርቦ ገበያ ያወጣውን ሁሉ በዚህ አባባል ገሥጬዋለሁ። ያን ጊዜ የምናገረው ስለ በሬ ነበር።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ መድኃኒት ወረቀት፣ ከዚያ ወደ ጋዜጣ አለፍኩ፤ አሁን ደግሞ ልጄ የላከችልኝ ስልክ ላይ ደርሻለሁ። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ጉድለት አለበት፤ ያነበበውን ሁሉ ያምናል። አስተማሪ ያስተማረው ሰው ቢያንስ አስተማሪውን መጠርጠር ለምዷል። ሌላው ጉድለት ደግሞ ያመነውን ለብቻው መያዝ አለመቻሉ ነው። እኔ ልጆቼን ያሳደግኩት በምክር ነው። ሁሉም ጨዋ ሆነው አድገዋል፤ ሁሉም ከከሚሴ ርቀው ይኖራሉ።

ባለቤቴን እዚህ ሞሚና እላታለሁ፤ ስሟ ይህ አይደለም። ይህን እንድጽፍ ስትፈቅድልኝ ስሟ እንዲለወጥ፣ ሞኙ ማን እንደሆነም አንባቢው ሳይቸገር እንዲያውቅ አስጠንቅቃኛለች። ለመፈጸም እየሞከርኩ ነው።

ሞሚና ሰፊ ሴት ነበረች። ከሚሴ ገበያ ውስጥ ሽርጥ፣ ሻሽና የሴት ቀሚስ ትሸጣለች። ባጃጅ ውስጥ ስትገባ ሹፌሩ ከኋላ ሌላ ሰው ሊጨምር ዞሮ ያይና ሐሳቡን ይለውጣል። ለእኔ ስፋቷ የሥራዬ ምስክር ነበር። በሬ ሊገዛ የመጣ ነጋዴ ከብቶቹን ከማየቱ በፊት በሩ ላይ እሷን ያይና «እዚህ ቤት የሚጎድል ነገር የለም» ብሎ ልቡ ይረጋል። ይህን አንድ ቀን እንደ ሙገሳ አድርጌ ነገርኳት። እንደ ሙገሳ አልወሰደችውም።

አምና ከክረምቱ በፊት አዲስ አበባ ያለችው ልጃችን ራህማ «እማዬ መጥታ ጉልበቷን ትታይ» ብላ አስጠራቻት። ሄዳ ከረመች። ስትመለስ ከሚኒባሱ ወርዳ ወደ እኔ ስትመጣ ፊቷን አወቅሁት። ከዚያ በታች ያለውን ግን አላወቅሁትም። ጉልበቷን ልታሳይ ሄዳ ሆዷን ትታ መጥታለች።

እቤት ገብተን በሩን ዘጋችና «የራህማ አባት፣ ስቤን አስወጣሁ» አለችኝ። ሐኪም በማደንዘዣ አስተኝቶ፣ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ ከሆድና ከጎን ያለውን ስብ ይመጥጠዋል። ራህማ ናት ያስደረገቻት፤ ለእኔ ያልተነገረኝ ደግሞ ምክር እንዳላበዛ ነው።

ምክሩን ግን ዘግይቶም ቢሆን ሰጠሁ። አላህ ስለሰጠው አካል፣ ስለ ምስጋና፣ በየደጃፉ ስላለ ረሃብ፣ ስለ ዱንያ ከንቱነት ተናገርኩ። ከቀሚሷ ሥር ሐኪም ያሰራት ጥብቅ መታጠቂያ እያሳከካት ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ «ሱጁድ ስወርድ ሆዴ ትንፋሽ ያሳጣኝ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጬ መስገድ መረረኝ» አለች። ከዚያ ለማንም ሰው ትንፍሽ እንዳልል ወላሂ አስባለችኝ። ችግሩ የጀመረው ከዚህ መሐላ ነው ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር የጀመረው ከስልኬ ነው።

የአዲስ አበባው ሐኪም ለጥቂት ሳምንታት ድካም እንደሚኖር ነግሯት ነበር። ሳምንታቱ አለፉ። ክረምቱም አለፈ። ጨፋ ሜዳ ላይ ማሽላው ታጨደ፣ ተወቃ፣ ጎተራ ገባ። የሞሚና ድካም እዚያው ነው። ድሮ የጨርቅ ጥቅሏን ራሷ ተሸክማ ገበያ የምትደርሰው ሌላው ነጋዴ ዓይኑን ሳይገልጥ ነበር። አሁን ትደርስና ጥቅሉን ተደግፋ ታንቀላፋለች። ደንበኞቿ ራሳቸው መርጠው፣ ራሳቸው ዋጋ ቆርጠው፣ ገንዘቡን ከእጇ ሥር ሸጉጠው ይሄዳሉ። አንዲት ሴት እንዲያውም ሻጭም ገዢም ሆና ከራሷ ጋር ስትከራከር ቆይታ፣ አልስማማ ብላ ጨርቁን አጥፋ መልሳ እንደሄደች ነግረውኛል።

ጠጉሯ ይነቃቀል ጀመር። ከሚሴ ሙቀት ውስጥ፣ በሬዎቼ ምላሳቸውን አውጥተው በሚቆሙበት ሰዓት፣ እሷ ጋቢ ደርባ ትቀመጣለች። ከደጃችን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ደረጃ ላይ መሃል ደርሳ ትቆምና፣ ልቀጥል ወይስ ልመለስ እንደሚል ሰው ታስባለች። ሰላቷንም እንደገና ተቀምጣ መስገድ ጀመረች። ሆዱ ሄዷል፤ ወንበሩ ተመልሷል። ይህን ያየሁ ቀን ከበሬዎቹ ጋር ጥቂት ቆየሁ። በሬ ሰው ሲያለቅስ ቢያይ ለማንም አይናገርም።

የከሚሴ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ አይቸኩልም። በኦሮምኛ «አከም ቡልተ» ብሎ ይጀምራል፣ በአማርኛ ስለ ልጆች ይጠይቃል፣ በዓረብኛ ያመሰግናል፤ በዚህ መሃል ዓይኑ ሥራውን ይጨርሳል። የከተማው ዓይን ሞሚና ላይ ሥራውን ጨረሰ። «ባለቤትህ አፊያ አይደለችም እንዴ?» ይሉኛል። «አልሃምዱሊላህ» እላለሁ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ምስጋና ነው።

የቦርከናን ወንዝ ስትሻገር ጅን መትቷታል ያሉ ነበሩ። የሰው ዓይን ነው ያሉም ነበሩ፤ እነዚህኞቹ ሲናገሩ እኔን እኔን ያያሉ። ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ አርግዛ ይሆናል ብላ ገንፎ ይዛ መጣች። ሞሚና ገንፎውን አይታ አለቀሰች። ፋጡማ ልቅሶውን እንደ ማረጋገጫ ወስዳ በማግሥቱ ወተት ይዛ መጣች፤ በሦስተኛው ቀን ማር። ፋጡማ የምታመጣው ሁሉ የሚበላ ነገር መሆኑን ያን ጊዜ ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ ይህ ወግ አይጻፍም ነበር።

እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ። ጅንም ዓይንም አላልኩም፤ ስልኬን አወጣሁ። ሆርሞን የሚባለውን ነገር ያን ሰሞን በደንብ ተዋወቅሁት። ሆርሞን በደም ውስጥ የሚሮጥ መልእክተኛ ነው፤ ተራብ፣ ጥገብ፣ ተኛ፣ ንቃ የሚል ትእዛዝ ከአንዱ አካል ወደ ሌላው ያደርሳል። ነገሩ ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም። በሬ ሲኮላሽ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ የሚዋጋው ጨዋ ይሆናል፣ አጥር የሚጥሰው ጋደም ብሎ ያመነዥካል። አንድ ቦታ የተነካ ነገር ጠባይን ሁሉ ይለውጣል። እያነበብኩ ስሄድ ስብ ራሱ ሆርሞን እንደሚሠራ አገኘሁ። እዚህ ላይ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። እነዚያ ሐኪሞች የሞሚናን መልእክተኞች ከነስንቃቸው መጥጠው አውጥተዋቸዋል ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ በኋላ በድብቅ እከታተላት ጀመር። የሴት ሆርሞን ሲዛባ ጢም ሊያበቅል ይችላል የሚል አንብቤ ስለነበር፣ ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ አገጯን አያለሁ። «ምንድን ነው?» ትለኛለች። «ምንም» እላለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋደም ባለችበት፣ የበሬ ደረት የምለካበትን ሜትር ይዤ ቀረብኳት። ከብት ሚዛን ላይ ስለማይወጣ ክብደቱን የምንገምተው ደረቱን ለክተን ነው፤ ለእሷም ይሠራል ብዬ ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ «ሻኛዬንም ዳብሰው እንጂ» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ያስፈራኝ ይህ ነው። ሞሚና በደህናው ቀን እንዲህ ያለ ነገር ባደርግ ሜትሩን አንገቴ ላይ ትጠመጥመው ነበር።

ያገኘሁትን እውቀት አልሰሰትኩባትም። እራት ሲቀርብ ስልኬን የውኃው ጆግ ላይ አስደግፌ አነብላት ጀመር። ሻይ ስታነሣ ስኳር የትኛውን ሆርሞን እንደሚያናጋ አነበብኩላት፤ ስኳሩን ተወች። ወተት ሲመጣ ስለ ወተት የተጻፈ አገኘሁ፤ ወተቱን ተወች። ሥጋ ሲሆን ደግሞ ከብቶች ቶሎ እንዲደልቡ መርፌ ይወጋሉ፣ መርፌውም ወደ በላተኛው ይተላለፋል የሚል መጣ። የእኔ ከብቶች አይወጉም ብዬ ልቃወም አሰብኩ፤ ግን የተጻፈ ነገር ነው። ሥጋውንም ተወች። ከሁሉ የሚገርመው፣ ከሆድ የወጣ ስብ ሰውየው እንደልቡ ከበላ በክንድና በጀርባ በኩል ዞሮ ይመጣል የሚለው ነበር። ይህኛውን ደግሜ አነበብኩላት፤ ጠቃሚ ስለመሰለኝ።

እኔ ሳነብ ዓይኔ ስልኩ ላይ ነው፤ እጄ ትሪው ላይ ነው። የእሷ እጅ የት እንደነበር አላየሁም። መቀነቴ እየጠበበኝ መሄዱን ግን አስተውያለሁ። ጭንቀት ነው ብዬ አለፍኩት፤ የጭንቀት ሆርሞን ሆድ እንደሚያወጣም አንብቤ ነበር።

በመሐላው ምክንያት ሰው ማማከር አልችልም። ስለዚህ በሬዎቼን የሚከትብልኝን የእንስሳት ሐኪም አማከርኩ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ አንቱ ይለኛል። አንዲት ላም አለች አልኩት፤ ወልዳ ያሳደገች፣ በጠባይዋ የማትታማ፤ ስቧ በቱቦ ከወጣ ወዲህ ድካም አልለቅ አላት።

«የቆመች ላም ስብ ማን ያወጣል?» አለኝ።

«አዲስ አበባ ያወጣሉ።»

መርፌውን አስቀመጠ። «ለምን ብለው?»

«ላሟ ፈልጋ ነው» አልኩት።

ጥቂት ጊዜ በሬዎቹን አየ፣ ጥቂት ጊዜ እኔን አየ። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ስለዚህች ላም የሚያውቀው እንደሌለ፣ ባለቤቷ ግን ሰው ሐኪም ዘንድ ቢወስዳት እንደማይከፋ ነገረኝ።

ራህማም በስልክ እየተቆጣች ይህንኑ ትል ነበርና ሞሚናን ከሚሴ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሞሚና ለሐኪሙ ራሷ ነገረችው። አልሳቀም። ደም አስቀዳ፤ ግማሹን እዚያው አዩ፣ የሆርሞኑን ደሴ ላኩት። ውጤቱ ሲመጣ ሆርሞኗ ደህና ነው አለን። ስብ ማስወጣቱ ብቻውን ሆርሞንን እንዲህ አያናጋም፣ የቀዶ ሕክምናው ድካምም እስካሁን ባልቆየ ነበር አለ። ደሟ ግን በጣም አንሷል። የብረት ኪኒን ጻፈላት፣ በደንብ እንድትበላ አዘዘ፤ በቀጠሮው ስትመጣ ካልተሻሻለች ደም እንዲሰጣት ደሴ እንደሚልካት፣ እንዲህ ከቀጠለ ልቧም እንደሚጎዳ ለእኔ ለብቻዬ ነገረኝ።

«ዶክተር፣ በመብል በኩል ሐሳብ አይግባዎት፤ ሥራዬ ነው» አልኩት።

እውነቱን ልናገር፣ ሆርሞኑ ደህና ነው ሲለኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ። ብዙ ያነበብኩበት ነገር ነበር። ያ ሐኪም ወጣት ነው፣ ምናልባት አዲሱን ጽሑፍ አላየም ይሆናል ብዬ ንባቤን ቀጠልኩ። ኪኒኑ ደግሞ እያቅለሸለሻት ትመልሰው ጀመር። በባዶ ሆድ እንደምትውጠው አላወቅሁም። ሆድ ባዶ ሊሆን የሚችልበት ቤት አልመሰለኝም።

በዚህ መሃል የሞሚና ታላቅ ወንድም ሰይድ ከጨፋ ሮቢት እህል ይዞ መጣ። ገበሬ ነው፤ ንግግር አያበዛም። እህቱን ገበያ ላይ ጥቅሏን ተደግፋ እንደተኛች አያት። አልቀሰቀሳትም። አጠገቧ ቆሞ የእጇን አንጓ ሲያይ ቆይቶ ሄደ አሉ። በእኛ አገር ሴት ልጅ ስትዳር ወገኗ አደራ ነው የሚሰጠው፤ አደራው ሲጎሳቆል መጠየቅ መብቱ ነው። በተከታዩ ጁምዓ ከሰላት በኋላ፣ ሼህ እንድሪስንና ሌሎች ሽማግሌዎችን አስከትሎ ቤቴ ገባ።

ጫቱ ተቀመጠ፣ ሼህ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ፣ ስለ ዝናቡም ስለ ገበያውም ተጠያየቅን። ከዚያ ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ግቢህ ስገባ በሬዎችህን አየሁ» አለኝ። «ማሻአላህ፤ ዝንብ ቢያርፍባቸው ይንሸራተታል። አንተንም አየሁ፤ ማሻአላህ። ከዚያ እህቴን አየኋት።»

እዚህ ላይ ማሻአላህ አላለም።

የሁሉም ዓይን ሆዴ ላይ ዐረፈ። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ፤ ብዙ አልረዳም። «የከሳ ከብት አፍ አለው የምትለው አንተ አይደለህም?» አለ ሰይድ። «ይኸው እየተናገረ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው በሬ ታደልባለህ፤ እኛ የሰጠንህን ግን አጥንት አደረግኸው።»

ሐኪም የሚል አንድ ቃል ባወጣ ነጻ እወጣ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ መሐላውም ምላሴ ላይ ነበር። ዝም አልኩ። ሽማግሌ ዝምታን የሚተረጉመው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። አንደኛው ሽማግሌ ከንፈራቸውን መጠጡ። በሕይወቴ ሰው ተሰብስቦ ሊሰማኝ ሲጠብቅ የምናገረው ያጣሁት ያን ቀን ነው።

ሼህ እንድሪስ «እሷንም እንስማት» አሉና «ኮቱ፣ ልጄ፣ ኮቱ» ብለው በኦሮምኛ ጠሯት። ሞሚና ግድግዳውን ተደግፋ መጥታ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ቤቱ ውስጥ የሚበላ አለ?»

«ሞልቷል፣ ሼኻችን።»

«ይከለክልሻል?»

«አይከለክለኝም።»

«ታዲያ ምነው?»

ሻሿን አስተካከለች። «የራህማ አባት ያነባል» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሼህ እንድሪስ በጥንቃቄ «ምን ያነባል?» አሉ።

«ስልክ። እኔ እጄን የሰደድኩበትን ሁሉ ያነበዋል። ወተቱ እንዲህ ያደርጋል፣ እንጀራው እንዲያ ያደርጋል። በትሪው ላይ እሱ ያላነበበው ነገር ቢኖር ውኃ ነው።»

ከዚያ እኔን ያስማለችኝን ነገር ራሷ አወጣችው። ስቧን እንዳስወጣች፣ የት፣ እንዴት፣ ለምን እንደሆነ ለወንድሟ ነገረችው። ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «ተሰቃይቼ ያስወጣሁት ነው» አለች። «ከበላሽ በክንድሽ ዞሮ ይመጣል ሲለኝ፣ እጄን ወደ ትሪው በሰደድኩ ቁጥር ሲበቅልብኝ ይታየኝ ጀመር። ደግሞ ሆርሞንሽ ተበላሽቷል እያለ አገጬን ያያል። ልብላ ስል ፈራሁ፤ ስተወው ደከመኝ። እሱ እያነበበ ስለሚበላ አላየኝም።»

በየማለዳው ግርግሙ ውስጥ እጄን አስገብቼ ከበሬው ፊት ምን እንደቀረ እዳብሳለሁ። የተረፈ ካለ በሬው ታሟል ማለት ነው። የአድላቢነት መጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ለጀማሪ ሁሉ አስተምረዋለሁ። ከሚስቴ ፊት የተረፈውን ግን እኔ ነበርኩ የምጨርሰው።

ሰይድ ብዙ ካሰበ በኋላ «ስቡን ምን አደረጉት?» ብሎ ጠየቀ።

«ጣሉት መሰለኝ» አለች።

«ጣሉት?» አለና ወደ ሼህ እንድሪስ ዞረ። ሼኹም «ሱብሃነላህ» አሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከእነዚያ ሁሉ ጽሑፎች በአንዱም ላይ አላየሁም።

ከዚያ ሼህ እንድሪስ ወደ እኔ ዞሩ። «በሬህ ሲበላ ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ።

«አጠገቡ ቆሜ አያለሁ።»

«ታነብለታለህ?»

«የለም።»

«ለምን?»

«ይደነግጣል» አልኩ።

ፍርዱን ለመስጠት ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት እሷ ትቀድማለች አሉ። ትሪው ለእሷ ይቀርባል፤ አንተ ፊት ለፊቷ ትቀመጣለህ፤ ስልክ የለም፣ ምክር የለም፤ በቃኝ ስትል የተረፈውን አንተ ትበላለህ። ሰይድ ስልኬን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያም ለደም ጉበት ነው የሚሻለው፣ በሬ ይታረድ አለ። ጉበት ብቻ ከሆነ ሥጋ ቤት ይገኛል ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ማንም የሰማኝ የለም። የመረጠው ለአረፋ ያስቀመጥኩትን በሬ ነው፤ ገበሬ ቢሆንም ዓይኑ ከደላላ አይተናነስም። ሥጋው ለጎረቤት ተከፋፈለ፤ እትዬ ፋጡማም ድርሻዋን ስትወስድ «እኔ መጀመሪያውኑ ነገሩን በመብል በኩል ይዤው ነበር» አለች።

አሁን የሞሚና የደም መጠን ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል፤ ደሴ መሄዱ ቀርቷል። ድካሙ ተጠራርጎ ጠፋ ብዬ አልዋሻችሁም፤ የሚነሣባት ቀን አለ፤ ሐኪሙም ክትትሏን አላቋረጠም። አንባቢ ሆይ፣ ሚስትህ ወይም እናትህ ስብ ላስወጣ ብትል ጉዳቱንና ጥቅሙን ከሐኪም ጋር ትመርምር፤ ውሳኔው የእሷ ነው። የሆነ ነገር ካነበብክም እሰየው፤ ማወቅ አይከፋም። ነገር ግን ያወቅኸውን ከመናገርህ በፊት የምትነግረው ሰው ምሳ መብላቱን አረጋግጥ። ምክሬ ይኸው ነው፤ ከድሮዎቹ ያጠረ መሆኑን ታዩታላችሁ።

በፍርዱ ቀን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ትሪው ቀረበ። የማሽላ እንጀራ ነው፤ ጉበቱ ተጠብሶ መሃሉ ላይ ተደርጓል፤ በጎን በትንሽ ሳህን የቀለጠ ቅቤ አለ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ርቦኛል። ቆርሳ ጠቀለለችና አፏ አጠገብ ስታደርስ ቆመች፤ እኔን አየችኝ። እንደ ልማዴ የምጀምር መስሏት ነው። አልጀመርኩም። ጎረሰች። አላምጣ እስክትውጥ የጠበቅሁት ጊዜ ረጅም ነበር፤ አንድ ቃል ሳልናገር ይህን ያህል ተቀምጬ አላውቅም። ሁለተኛውን ጎረሰች። ላቧ ግንባሯ ላይ ወጣ፤ ጋቢውን ከትከሻዋ አወረደች።

ከዚያ እጇ ወደ ቅቤው ሄደና ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቆመ።

«ስለ ቅቤስ ምን ይላል?» አለችኝ።

ስለ ቅቤ ብዙ ተጽፏል። ደጋፊም ተቃዋሚም አለው፤ ሁለቱንም ወገን በቃሌ ይዤ ነበር።

«ስለ ቅቤ የጻፈ ሰው አላገኘሁም» አልኳት።

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ስዋሽ ታውቀኛለች፤ ልምዱ ስለሌለኝ ጆሮዬ ይቀላል። ከዚያ እንጀራውን ቅቤው ውስጥ እስከ ጣቷ ድረስ ነከረችና ጎረሰች።